ሌሊቱን አትዝጉብን፦ የደጋ ጥብቅ ሥፍራዎቻችንን የጉብኝት ደንብ ለምታወጡ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር፣ በትርፍ ጊዜዬም የአንድ አነስተኛ የሰማይ ተመልካቾችና የተራራ ተጓዦች ቡድን አስተባባሪ ነኝ። በቡድናችን ውስጥ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሁለት ነርሶች፣ ጡረታ የወጡ አንድ የካርታ ሥራ ባለሙያ፣ እንዲሁም ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ ያልተለየን ሹፌራችን ይገኛሉ። ስድስት በጋ ሙሉ፣ ጨረቃ በማትኖርባቸው ሌሊቶች፣ ወደ ሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች እየወጣን ቀን በእግር ስንጓዝ፣ ሌሊት ድንኳን ተክለን ሰማይ ስናይ ኖረናል።

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ የሁለት ሌሊት የማደሪያ ክፍያ አስቀድመን ከፍለን፣ ደረሰኛችንን ይዘን፣ ሃያ ሦስት ሆነን ወደ አንድ የደጋ አምባ ሄድን። መግቢያው ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ጎብኚ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በአምባው ላይ መቆየትም ሆነ ማደር የተከለከለ መሆኑን ይናገራል። ማኅተም አለው። ምክንያት ግን አልተጻፈበትም፤ ክልከላው እስከ መቼ እንደሚቆይም አልተገለጸም። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀንና «እኔም ያየሁት ትናንት ማታ ነው» አለን።

የአምባውን ስም የማልጠቅሰው ሆን ብዬ ነው። ስሙን ብጠራው ነቀፋው መጀመሪያ የሚያርፈው ብርድ ላይ ቆመው በር በሚጠብቁት ሰዎች ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እነሱ ግን አልበደሉንም። ደግሞም ያጋጠመን ነገር የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በስድስት ዓመት ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች ያየነውን ነው እዚህ ሰብስቤ የማቀርበው።

አቤቱታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ክልከላው ምን እንደወሰደብን ላስረዳ። ብዙ ሰው ሌሊትን የጉብኝቱ ማብቂያ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎችም እንዲሁ አስበው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ሀገራችን ለሰማይ ተመልካች የተሰጠች ምድር ናት። በባሌ ተራሮች ያለው የሳነቴ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የሰሜን ተራሮችና የመንዝ ጓሳም ከ3000 ሜትር በላይ ናቸው። በ4000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። አቧራውና እርጥበቱ ከበታች ስለሚቀር ኮከብ እዚያ አይደበዝዝም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ደግሞ ደመና ሳያዩ ሳምንት መቆየት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለምድር ወገብ መቅረባችን ነው ትልቁ ሀብት። በአውሮፓ ያለ ሰው የደቡቡን ሰማይ፣ በደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን ሳያይ ይኖራል። ሳነቴ ላይ የቆመ ሰው ግን የሰሜን ኮከብን ከአድማስ ሰባት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያየዋል፤ ፊቱን ወደ ደቡብ ሲያዞር በጥር ምሽት ታላቁ የማጀላን ደመና የሚባለውን ጎረቤት ጋላክሲ በዓይኑ ያገኘዋል። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ አናቱ ላይ ይቆማል። ሰባቱን ከዋክብት ፍለጋ መልፋት የለበትም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ የደቡብ መስቀል ይወጣል። ሁለቱንም የሰማይ ዳርቻ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ማየት የሚቻልበት ከፍተኛና ደረቅ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዬ ፍኖተ ሐሊብን፣ ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ሌሊት «ደመና መጣብን» ብላ አዘነች። ደመና አለመሆኑን ነገርኋት። ዝም ብላ ብዙ ቆየችና «አዲስ አበባ ላይም አለ?» አለችኝ። አለ አልኋት። «ታዲያ ማን ወሰደብን?» አለች። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ የወጣ ዓለም አቀፍ የብርሃን ብክለት ጥናት ከዓለም ሕዝብ ሲሶ የሚበልጠው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል። እንጦጦ ላይ በ3200 ሜትር ከፍታ የተተከሉት ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የሀገር ኩራት ናቸው፤ ከሥራቸው ያለችው ከተማ ግን በየዓመቱ ብርሃኗን እየጨመረች ነው። ጨለማ የቀረን በደጋዎቻችን ላይ ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

የመጀመሪያው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆይቶ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ጨለማውን ለምዶ ደብዛዛ ኮከቦችን መለየት እንዲችል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ «እስከ 12 ሰዓት ብቻ» የሚል ደንብ ሰማይ ለማየት የመጣን ሰው አንድም ኮከብ ሳይወጣ ይመልሰዋል። እኛ ክፍያ ከፍለን የሄድንበት ሌሊት ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች በዓመት አንድ ጊዜ የሚበዙበት፣ በታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ የሚውለው ሌሊት ነበር። በጨለማ ቦታ ለሚመለከት ሰው በሰዓት ከመቶ በላይ ሊታዩ የሚችሉበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ እጅግ የሚደምቁበት ሌሊት ነው። ተማሪዎቹ ለዚያ ሌሊት ሁለት ወር ገንዘብ አጠራቅመዋል። ያደርነው በቅርቡ ባለች ከተማ፣ የመንገድ መብራት ከፊቱ በተተከለ አልጋ ቤት ውስጥ ነው። ከግቢው ቆመን ስድስት ተወርዋሪ ኮከብ ቆጠርን። የከፈልነው ገንዘብም እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም፤ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው።

ሁለተኛው የምክንያቱ ጉዳይ ነው። በጽሑፍ ምክንያት ባይሰጠንም በቃል ሁለት ነገር ተነግሮናል፤ አንዱ የዱር እንስሳቱ እንዳይረበሹ፣ ሌላው ለጎብኚው ደኅንነት የሚል ነው። ሁለቱንም በቁም ነገር እወስዳቸዋለሁ፤ መልሴንም በቁም ነገር ተቀበሉኝ።

ስለ እንስሳቱ የምንጨነቀው እኛም ነን። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት መቶዎች ነው፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ ተራሮች ነው ያለው። ይህን ለተማሪዎቻችን የምንነግራቸው ድንኳን ከመተከሉ በፊት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ቀን ነው፤ ምግቡ የሆኑት ፍልፈሎችና አይጦች ቀን ስለሚወጡ። ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሰማይ የሚመለከት ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ የማይንቀሳቀስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ፣ መብራት የማያበራ ሰው ነው። ቢያበራም ዓይኑ እንዳይታወር ደብዛዛ ቀይ መብራት ነው የሚጠቀመው። ክልከላው በወጣበት በዚያው አምባ ላይ ግን መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ረጅም መብራታቸውን አብርተው፣ በፍጥነት ያልፋሉ። መንገዱ ዳር የተገጨ ጥንቸልና ቀበሮ ያየነው እኛው ነን፤ ፎቶግራፉን አያይዘን ለበሩ ሠራተኞች ሰጥተናል። በመኪና ሲበር የሚያልፈው ሰው የማይከለከልበት፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ብቻ የሚከለከልበት ደንብ ቀበሮዎቹን እንዴት እንደሚጠብቃቸው ሊገባኝ አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላምን። ቀይ ቀበሮዎች ግልገል የሚወልዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት በጉድጓዶቻቸው አቅራቢያ ማንም ሰው፣ እኛንም ጨምሮ፣ ማደር የለበትም። ቦታው ተለይቶ ቢነገረን ከማንም በፊት ደንቡን የምናከብረው እኛ ነን። አንድ ቦታ ለእነዚያ ወራት መዝጋትና ሙሉ አምባውን በሁሉም ሌሊት መዝጋት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መሬት መዝጋትና መክፈት ለሀገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳውን ከአራት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ባለው የጋራ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲደርስ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀኑ ተነግሮ ይከፈታል። የሚዘጋው በተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነው፤ ለምን እንደተዘጋና መቼ እንደሚከፈት የማያውቅ ሰው የለም። በእኛ ላይ የወጣው ደንብ የጎደለው ይህ ነው። የጠየቀን የለም። ፈረስ አከራዮቹን፣ አስጎብኚዎቹን፣ ከበሩ ሥር ሻይ የምታፈላውን እናት የጠየቀ የለም።

አሁን ወደ ደኅንነቱ ልምጣ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ከክልከላው አንድ ዓመት በፊት፣ በሌላ አምባ ላይ፣ ከእኛ ጋር የነበረ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከፍታው ታመመበት። የመጣው ከቆላ ነው። ምሽቱን ራሱን አመመው፤ ከዚያ አስመለሰው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀጥ ብሎ መራመድ አቃተው። ከነርሶቻችን አንዷ «ጠዋት አይጠበቅም፤ አሁኑኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት» አለች። የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነውና። በመኪና መውጫው ላይ ስንደርስ ሰንሰለቱ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው የሚያድረው ከተማ ነው። በተሰጠን ስልክ ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። የድንገተኛ ጥሪ ሬዲዮም፣ ተረኛ ሰውም አላገኘንም። ሹፌራችንና ሁለት ልጆች በእጅ ባትሪ ወደ ታችኛው መንደር ወርደው አንድ ፈረስ አከራይ ቀሰቀሱ። ሰውየው ቡልኮውን እንደለበሰ ፈረሱን ጭኖ መጣ፤ ልጁን አስቀምጦ፣ ከኋላው በእጁ ደግፎ፣ በእግር መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል አወረደው። ልጁ ሲወርድ ተሻለው፤ ንጋት ላይ ሻይ ጠጣ። ፈረስ አከራዩ ገንዘብ ስንሰጠው «ለታመመ ሰው አይከፈልም» ብሎ እምቢ አለን።

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ አመልክተን ነበር። የጠየቅነው ቁልፍ በበሩ እንዲያድር፣ አንድ ሬዲዮ እንዲኖርና የጥበቃ ሠራተኞች የከፍታ ሕመምን ምልክት እንዲማሩ ነው። መልስ አልደረሰንም። ከዓመት በኋላ ከሌላ አቅጣጫ የደረሰን መልስ የሌሊት ክልከላ ነው። የደኅንነት ችግር ያለበት ቦታ ጎብኚ ሲከለከል ችግሩ አይወገድም። እረኛው እዚያው ያድራል፤ ጥበቃው እዚያው ያድራል፤ ቀን ወጥቶ መንገድ የጠፋበት ተጓዥም እዚያው ይመሽበታል። ሰንሰለቱ ለእነሱም የተቆለፈ ነው።

የፀጥታ ሥጋት ባለባቸው አካባቢዎችና ጊዜያት ሌሊት መጓዝ መከልከሉን አልቃወምም። የሰው ሕይወት ከኮከብ ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ግን ምክንያቱ እሱ መሆኑ ይነገረን፤ ሥጋቱ ሲነሣም ክልከላው ይነሣ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ስለ መብራት ነው። በአንድ አምባ ጠርዝ ላይ የተሠራ ማደሪያ ስድስት ፓውዛ መብራቶችን ወደ ሜዳው አዙሮ ተክሏል። እንግዳ ኖረም አልኖረም ሌሊቱን ሙሉ ይበራሉ። ነጭና ዓይን የሚወጋ ብርሃን ነው፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይታያል። በጥር ወር ከውጭ ሀገር ሰማይ ፎቶግራፍ ሊያነሡ የመጡ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት በዚያ ማደሪያ አራት ሌሊት ይዘው ነበር። በሁለተኛው ቀን ሻንጣቸውን ጫኑ። ሴትየዋ «እኛ ቤታችንም እንዲህ ያለ መብራት አለ» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሥራ አስኪያጁን አነጋገርሁት፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግቢው በደንብ መብራት አለበት የሚል መመሪያ እንደተሰጠው ነገረኝ። ስለ መብራቱ አቅጣጫ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለሚጠፋበት ሰዓት ግን መመሪያው ምንም አይልም።

ይህ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ነው እጅግ የሚያናድደኝ። መብራቱ ላይ ከላይና ከጎን የሚከልል ቆርቆሮ ማድረግ፣ ፊቱን ወደ መሬት ማዞር፣ አምፖሉን ከ3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ባልበለጠ ቢጫማ አምፖል መቀየር፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ማድረግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ወጪውም ይቀንሳል። በአሜሪካ አሪዞና፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ ያለችው የፍላግስታፍ ከተማ የመብራት ደንብ ያወጣችው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከተማዋ በዚህ ምክንያት አልጨለመችም። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ የናሚቢያው ናሚብራንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራነት ዕውቅና አግኝቷል። ደቡብ አፍሪካ በካሩ ደጋ ትላልቅ ቴሌስኮፖች የተተከሉባትን የሰዘርላንድን ሰማይ ለመጠበቅ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሕግ አውጥታለች። ሰው ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄደው ለሌሊቱ ብሎ ነው፤ ለሌሊት የመጣ ጎብኚ ደግሞ ማደሩ የግድ ነው፤ ካደረ እራትና ቁርስ ይበላል፤ አስጎብኚ ይቀጥራል። እኛ ያለንን ጨለማ በፓውዛ እያጠፋን፣ የሚያድረውን እንግዳ በ12 ሰዓት እያባረርን ቱሪዝም አላደገም ብለን መጠየቅ አንችልም።

አራተኛው የቴሌስኮፑ ነገር ነው። የእኛ ቴሌስኮፕ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በአንድ ረጅም ቱቦ ውስጥ ተገጥሞ፣ አንድ አናጢ በሠራልን የእንጨት መቀመጫ ላይ የሚዞር ነው። ባትሪ የለውም፤ ምስል አይቀርጽም፤ ወደ ማንም አያስተላልፍም። በአንድ ኬላ ላይ ግን ለአራት ሰዓት ያህል አስቆመን። ቱቦውን ያዩት ሰዎች መጠራጠራቸውን አልወቅስም፤ ሥራቸው ነው። ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ አሳየናቸው፤ አንዱ ኬላ ሲቀበለው የሚቀጥለው አልተቀበለውም። ደብዳቤ የሚጻፈው ለማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጸድቀው የሚነግረን እስካሁን አላገኘንም። በአንድ መግቢያ በር ደግሞ ቴሌስኮፑ እንደ ፊልም መቅረጫ ተቆጥሮ የቀረጻ ክፍያ ተጠየቅን። ያን ቀን ተማሪዎቹ ለምሳ የያዙትን ገንዘብ አዋጥተው ከፈሉ፤ በሶ በጥብጠን ዋልን። ክፍያው ከገንዘቡ ይልቅ ለልጆቹ ያስተማራቸው ነገር ነው የሚያሳዝነኝ። ከመካከላቸው አንዱ «መምህር፣ ሰማይ ማየትም ፈቃድ ይጠይቃል?» ብሎኛል።

የቀረው የአካባቢው ሰው ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ከእኔ ይልቅ እነሱ ቢናገሩ ይሻል ነበር። ሌሊት የሚያድር ጎብኚ ሲኖር ፈረስ ይከራያል፤ የማገዶ ሰው፣ ምግብ የሚያበስል፣ ድንኳን የሚጠብቅ ይቀጠራል፤ ገብስ ቆሎ፣ ወተትና ማር ይሸጣል። ጎብኚው በ12 ሰዓት ወደ ከተማ ሲወርድ ገንዘቡም አብሮት ይወርዳል። ልጁን በሌሊት ያወረደልን ፈረስ አከራይ ባለፈው ስደውልለት አንደኛውን ፈረሱን መሸጡን ነገረኝ።

ስለ ዕውቀቱም ልጨምር። በጉዟችን ያገኘናቸው ሽማግሌዎች ሰማዩን ከእኛ በላይ ያነቡታል። የቦረና አያንቱዎች የጨረቃንና የተወሰኑ ከዋክብትን መገናኘት እያዩ ወሩንና ቀኑን ይቆጥራሉ፤ የደጋው ገበሬ የሰባቱን ከዋክብት አወጣጥ አይቶ ስለ ወቅቱ ይናገራል፤ የባሕረ ሐሳቡ ሊቅ ሠርቀ ሌሊቱን በቃሉ ያሰላል። አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ተቀምጠው ለልጆቻችን ይህን ሲያስረዱ፣ እኔ በክፍል ውስጥ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ሌሊት ጨረሱልኝ። ያ ትምህርት ቀን አይሰጥም። ኮከቡን በጣት ማሳየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥያቄዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

የሌሊት ክልከላው በተጻፈ ምክንያትና በተወሰነ ጊዜ ይደገፍ፤ ምክንያት ከሌለው ይነሣ። ከመግቢያ በሩ በፊት፣ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ ይነገር። ለከፈልነውና ላልተጠቀምንበት ሁለት ሌሊት ገንዘባችን ይመለስልን፤ ከእኛ ሌላም እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች አሉና ለእነሱም እንዲሁ ይደረግ።

በየአምባው ከቀበሮ ጉድጓድና ከዋናው መንገድ የራቀ አንድ ወይም ሁለት የሌሊት መመልከቻ ቦታ ይከለል። ብዙ ግንባታ አንጠይቅም። ድንጋዩ የተነሣለት ሜዳ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና «እዚህ ነጭ መብራት አይበራም» የሚል ሰሌዳ ይበቃናል። የሌሊት መኪና ፍጥነትም በእነዚህ መንገዶች ላይ ይገደብ።

የመውጫው ቁልፍ ሌሊት በበሩ ይደር። አንድ የሚሠራ ሬዲዮ፣ አንድ ተረኛ ሰው፣ ስለ ከፍታ ሕመም የግማሽ ቀን ሥልጠና ይኑር። ሥልጠናውን የቡድናችን ነርሶች ያለ ክፍያ ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው፤ ይህን ቃል በዚህ ደብዳቤ በይፋ እሰጣለሁ።

በጥብቅ ሥፍራዎች ውስጥና ዙሪያ ላሉ ማደሪያዎች የመብራት መመሪያ ይውጣ፤ ያሉትም ፓውዛዎች ወደ መሬት እንዲዞሩ ይደረግ። ቴሌስኮፕ ከፊልም መቅረጫ ተለይቶ በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ለትምህርት ለሚጓዙ ቡድኖች ደግሞ በሁሉም ኬላ ተቀባይነት ያለው አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ይዘጋጅ፤ የሚሰጠውም ክፍል ይታወቅ።

ደንቡ እንደገና ሲታይ አስጎብኚዎች፣ ፈረስ አከራዮችና የመንደሩ ሽማግሌዎች በስብሰባው ይገኙ። እኛም ብንጠራ እንመጣለን፤ ቴሌስኮፓችንንም ይዘን እንመጣለን። ውሳኔውን ከፈረሙት መካከል አንድ ሌሊት አብሮን ማደር የሚፈልግ ካለ ጋቢና ቦታ እናዘጋጃለን። የሚቀጥለው ጨረቃ የሌለበት ቅዳሜ ሌሊት ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አላቸው፤ ከዚያ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰማይ ተመልካቾችና የተራራ ተጓዦች ቡድን አስተባባሪና የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ